ስታታ የቫሪያብሎቼን ስም በላብኝ፤ ‹ኤኤም›፣ ‹ኤኤን› ምንድን ናቸው?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጬበት መላው ጠፍቶብኛል።

ለማስተርስ መመረቂያዬ መጠይቅ በትኜ 340 ሰው ሞላልኝ። የተሞላው በኦንላይን ፎርም ነው። ሳወርደው ኤክሴል ሆኖ መጣ፤ 87 ዓምድ አለው። የአብዛኛው ዓምድ ርዕስ ጥያቄው ራሱ ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ በአማርኛ፣ ከነጥያቄ ምልክቱ።

ስታታ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ‹ኢምፖርት ኤክሴል› ብዬ፣ የመጀመሪያው ረድፍ የቫሪያብል ስም ነው የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጌ አስገባሁት። ኤረር የለም፣ ገባ። ስሞቹን ሳይ ግን ደነገጥኩ። አንዳንዱ ቃላቱ ተጣብቀው እንደ ባቡር ተቀጣጥሏል። አንዳንዱ መሀል ላይ ተቆርጧል። ከ38ኛው ዓምድ በኋላ ደግሞ ‹ኤኤም›፣ ‹ኤኤን›፣ ‹ኤኦ› የሚሉ ስሞች መጡ። እኔ እንደዚህ የሚባል ነገር አልጠየቅኩም!

የገቢ ዓምዶቼ ርዕሳቸው ዓመተ ምሕረት ብቻ ነበር፤ 2012፣ 2013፣ 2014፣ 2015። እነሱ ‹ቢኤ› እስከ ‹ቢዲ› ሆነዋል። ወደ ድሮ ስማቸው ልመልሳቸው ብዬ ‹ሬኔም ቢኤ 2012› ስለው ኤረር 198 ሰጠኝ።

ያበሳጨኝ ግን ይሄ ነው። እድሜ የሚለው ቫሪያብል በትክክል ገብቷል። ዝርዝሩ ላይ በዓይኔ አየዋለሁ። ‹ሰመራይዝ እድሜ› ስለው ግን ኤረር 111፣ እንዲህ የሚባል ቫሪያብል የለም ይለኛል። ቁጭ ብሎ እያየሁት!

አንድ ጓደኛዬ ‹ዝም ብለሽ ስሞቹን አንድ በአንድ በእጅሽ ቀይሪ› አለኝ። ባለፈው ሳምንት 87ቱንም ቀይሬ ነበር። ከዚያ 12 ሰው ዘግይቶ ሞላና ፋይሉን እንደገና ማውረድ ግድ ሆነ። ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ። አለቀስኩ ብል ማጋነን አይደለም።

የድሮ ዳታ ክለርክ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ዳታሽ አልጠፋም። ስታታ ስም ላይ ጥብቅ ነው፤ ያልወደደውን ስም ግን አይጥለውም፣ ሌብሉ (ከስሙ ጎን የሚቀመጠው መግለጫ) ውስጥ ያስቀምጠዋል። ‹ዲስክራይብ› ብለሽ እዪ። ከ‹ኤኤም› ጎን ጥያቄሽ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። እስከ 80 ፊደል ድረስ ማለቴ ነው፤ ሌብልም ልክ አለው።

(ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ነው የምጽፈው። ስትተይቢያቸው በላቲኑ ነው።)

‹ኤኤም› ማለት የኤክሴሉ የዓምድ ፊደል ነው። 39ኛው ዓምድ ኤክሴል ላይ ‹ኤኤም› ነው የሚባለው። ስታታ ከርዕሱ ስም ማውጣት ሲያቅተው የዓምዱን ፊደል ይወስዳል። ለምን አቃተው? የስታታ ስም ከ32 ፊደል አይበልጥም። ፊደል፣ ቁጥርና የታች ሰረዝ ብቻ ይይዛል። በቁጥር አይጀምርም። ሁለት ቫሪያብል አንድ ስም አይጋራም። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው።

እስቲ እንገምት። ከ38ኛው ዓምድ ጀምሮ ያሉት ጥያቄዎችሽ አጀማመራቸው አንድ ዓይነት አይደለም? ‹ባለፉት 12 ወራት ውስጥ እርስዎ ወይም ከቤተሰብዎ አባላት መካከል…› ዓይነት? መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ እንደዚህ ይጽፋል፤ እኔም ስጽፍ ኖሬያለሁ። ክፍት ቦታውን አውጪና ፊደሉን ቁጠሪ። ‹መካከል› የሚለው ቃል ላይ ስትደርሺ 33 ሞልቷል። ስታታ ‹መካከ› ላይ ቆረጠው ማለት ነው። ‹የታመመ አለ?› እና ‹ሕክምና ያገኘ አለ?› የሚለው ልዩነት የመጣው ከተቆረጠበት ቦታ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስሙን ወሰደ። የቀሩት ያው ስም ደረሳቸው፤ ስሙ ተይዟል። ስለዚህ የዓምድ ፊደል ታደላቸው።

የዓመቶቹ ነገር ቀላል ነው። 2012 በቁጥር ይጀምራል፣ ስለዚህ ስም መሆን አይችልም። 198ም ያለሽ ይህንኑ ነው። ፊት ላይ ግንድ አድርጊለት፤ ‹ገቢ2012›፣ ‹ገቢ2013› እያልሽ። ይህ ለስታታ ብለሽ ብቻ የምታደርጊው አይደለም። ነገ ዳታውን በ‹ሪሼፕ› ከጎን ወደ ቁልቁል ስትቀይሪው ግንዱ አንድ ዓይነት፣ ጭራው ዓመት መሆን አለበት። ያኔ ዓመቱን ራሱ ከስሙ ጭራ ላይ ያነብልሻል።

አሁን ወደ እድሜ። እዚህ ጥያቄሽ ላይ ‹እድሜ› ብለሽ ነው የጻፍሽው፣ በአልፋው ‹እ›። ፎርሙ ላይስ? በዓይኑ ‹ዕ› ከሆነ ለኮምፒውተር ሁለቱ ፊደላት ‹በ› እና ‹ከ› የሚለያዩትን ያህል ይለያያሉ። ለጆሮ አንድ ናቸው። ለስታታ አይደሉም። ሄደሽ እዪና ንገሪን።

በእጅ መቀየሩን ግን ተዪው። ስንፍና ስለሆነ አይደለም የምልሽ፤ አደጋ ስላለው ነው። አንድ የራሴን ላውራሽ። ከዓመታት በፊት ልክ እንዳንቺ የዓምድ ፊደል የተሸከመ ዳታ ደረሰኝ። ጊዜ አልነበረኝምና ‹ኤኤም ገቢ ነው፣ ኤኤን ወጪ ነው› ብዬ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ዱ ፋይሉን (ትእዛዞቹ በሙሉ የሚጻፉበትን ፋይል) በነዚያ ፊደሎች ሠራሁት። ሥራው አማረ። ከወር በኋላ ሌላ ሰው ኤክሴሉ ላይ መሀል አንድ ዓምድ ጨመረ። ከዚያ ወዲያ ያለው ፊደል ሁሉ አንድ ቦታ ተገፋ። ዱ ፋይሉ ከላይ እስከ ታች ያለ አንድ ኤረር ሄደ። ውጤት ሰጠ። ገቢ ያልኩት ሌላ ነገር ነበር። ያወቅኩት ሠንጠረዡ ከተላከ በኋላ፣ አንድ አንባቢ ‹ይሄ ሰው በዓመት 4 ብር ነው የሚያገኘው?› ብሎ ሲጠይቅ ነው። ያ ዓምድ የቤተሰብ ብዛት ነበር።

ስለዚህ አደራ፣ በዓምድ ፊደል ሥራ አትጀምሪ። ሰው ከዚያ ይልቅ ኤረር 111 ቢያገኝ ይሻለዋል።

21 ፊደል፦

ስታታን ትተሽ ወደ ሌላው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ ወደ ኤስፒኤስኤስ ሂጂ የሚልሽ ሰው ይመጣልና ቀድሜ ልናገር። እኔ የምሠራው በእሱ ነው፤ እዚያም ችግሩ አለ፣ መልኩ ነው የሚለየው። ልክ ያልሆነውን ርዕስ ራሱ ያስተካክለውና ዋናውን ሌብል ያደርገዋል። የስም ልኩ 64 ነው ይባላል። 64 ፊደል እንዳይመስልሽ፣ 64 ባይት ነው። የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይበላል። ስለዚህ በአማርኛ የሚደርስሽ 21 ፊደል ነው። የመለያ ስሜ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ።

ሌላው፣ የተያዙ ቃላት አሉ። አንድ ጊዜ የጉዞ ዳታ ላይ ‹ፍሮም› እና ‹ቱ› የሚሉ ሁለት ዓምዶች ነበሩኝ፣ መነሻና መድረሻ። ‹ፍሮም› ገባ። ‹ቱ› አልገባም፤ ኤስፒኤስኤስ ‹ቱ›ን ከዚህ እስከዚያ ለማለት ራሱ ይጠቀምበታል። ‹ባይ›፣ ‹ዊዝ›፣ ‹ኦል›፣ ‹ኖት›ም እንደዚያው ናቸው።

የድሮ ዳታ ክለርክ፦

ስታታም የራሱ አለው፤ ‹ኢፍ›፣ ‹ኢን›፣ ‹ዩዚንግ›። ሰውን የሚያስቀው ግን ‹ሎንግ› ነው። የቦታ መለኪያ ያለበት ዳታ ሁሉ ‹ላት› እና ‹ሎንግ› ይላል። ‹ላት› ችግር የለባትም። ‹ሎንግ› የቁጥር ዓይነት ስም ስለሆነ አይቀበለውም። ‹ሎን› ብለሽ ታልፊያለሽ።

ኤክሴሉን አትንኩ፦

እኔ አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የምሠራ ሰው ነኝ፤ ግን የምናገረው ለሁሉም ይሠራል። ከላይ ያለው ወንድማችን ስለ ስሞቹ ያለው ልክ ነው። የፈራሁት ቀጥሎ ‹ኤክሴሉ ላይ ርዕሶቹን አስተካክዪ› እንዳይልሽ ነው። ዋናው ፋይል አይነካም! 12ቱ ሰዎች ዘግይተው ሲሞሉ ምን እንደሆነ አይተሻል። ኤክሴሉ ላይ ብታስተካክዪውም ያው ነበር የሚሆነው፤ አዲሱ ፋይል የድሮውን ርዕስ ይዞ ይመጣል።

እኔ የማደርገው ሁለት ዓምድ ያላት ሌላ ትንሽ ፋይል መያዝ ነው። በግራ ፎርሙ የሚሰጠው ርዕስ፣ በቀኝ እኔ የምፈልገው ስም። ስክሪፕቱ ዳታውን ሲያነብ በግራ ያለውን እየፈለገ በቀኝ ባለው ይተካል። መቶ ጊዜ ባወርደው ግድ የለኝም።

አር ራሱ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ፋይል የሚያነብበት ሪድ-ሲኤስቪ በዝምታ ስም ይቀይራል። ክፍት ቦታውን ነጥብ ያደርገዋል፤ 2012ን ‹ኤክስ2012› ይለዋል። ኤክሴል የሚያነብበት ሪድ-ኤክስኤል ደግሞ ርዕስ የሌለውን ዓምድ ሦስት ነጥብና ቁጥር ይሰጠዋል። ኤክሴል ላይ የተዋሃዱ ሴሎች ካሉ ይህ ነው የሚመጣብሽ፤ ጽሑፉ ያለው በመጀመሪያው ሴል ውስጥ ብቻ ነው፣ የቀሩት ባዶ ናቸው። ለዓይን ግን ሁሉም ርዕስ ያላቸው ይመስላሉ።

የማይታይ ፊደልም አትርሺ። ርዕሱ መሀል ኦልትና ኢንተር ተመትቶ መስመር የወረደበት፣ ወይም ከድረ ገጽ ተቀድቶ የመጣ የማይሰበር ክፍት ቦታ ያለበት ይኖራል። ኤክሴል ላይ ‹ሌን› የምትለዋን ፎርሙላ ርዕሱ ላይ ሞክሪ። ‹ክብደት› 4 ፊደል ነው። 5 ካለሽ የተደበቀ ነገር አለ። ‹ትሪም› ተራውን ክፍት ቦታ ያጠፋል፤ የማይሰበረውን፣ ቁጥሩ 160 የሆነውን፣ አይነካውም። ለእሱ ‹ሰብስቲትዩት› ያስፈልጋል።

ጀማሪዋ፦

ኧረ ተባረኩ! ብዙ ነገር በራልኝ። የ‹መካከል› ነገርማ ጉድ ነው፤ ጥያቄዬን ያየኸው ነው የመሰለኝ። በእርግጥም ‹እርስዎ ወይም ከቤተሰብዎ አባላት መካከል› የሚል አለ፣ 14 ጊዜ።

ግን ሌላ ገደል ገባሁ። መልሶቹን ሁሉ አንብቤ ሳልጨርስ ቸኮልኩ። የፋይሉን ቅጂ አደረግኩና ከላይ አንድ ረድፍ ጨምሬ አጫጭር ኮድ ጻፍኩበት፤ ‹ኪው1›፣ ‹ኪው2› እያልኩ። ጥያቄዎቹ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቀሩ፣ እንዳይጠፉብኝ ብዬ። ሳስገባው ስሞቹ አምረው መጡ። ዳታ ኤዲተሩን ስከፍት ግን ሁሉም ቀይ ሆኗል። ክብደት ቀይ፣ ገቢ ቀይ። አማካይ ስለው ዜሮ ኦብዘርቬሽን ይለኛል። ምን አበላሸሁ?

የድሮ ዳታ ክለርክ፦

ምንም አላበላሸሽም፤ ሁሉም ሰው የሚያልፍበት ነው። ቀይ ማለት ጽሑፍ ማለት ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ለስታታ ርዕስ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሰው መልስ ናቸው። ክብደቱ ‹ክብደትዎ ስንት ነው?› የሆነ ሰው አለ ማለት ነው። አንድ ጽሑፍ ያለበት ዓምድ በሙሉ ጽሑፍ ይሆናል።

አሁን ለማምለጥ ‹ድሮፕ ኢን 1› ብለሽ ያን ረድፍ አውጪ። ከዚያ ቁጥር መሆን ያለባቸውን በ‹ዲስትሪንግ› መልሻቸው። ‹ፎርስ› የምትለዋን ቃል ግን አትጨምሪ። እሷ የማይገባትን ሁሉ ባዶ ታደርገዋለች። አንዱ ‹60 ኪሎ› ብሎ ሞልቶ ከሆነ መልሱ ይጠፋል፣ አንቺም አታውቂም። ያለ ‹ፎርስ› ስትሞክሪው እምቢ ያለ ዓምድ ካለ፣ እዚያ ውስጥ የሚታይ ነገር አለ ማለት ነው።

ለዘለቄታው ግን ጥያቄዎቹ የዳታው ገጽ ላይ መቀመጥ የለባቸውም። የአር ወንድማችን ያላትን ትንሽ ፋይል ሥሪ፤ እኔ ኮድ ቡክ ነው የምላት። እሱ ዋናው አይነካም ያለው ልክ ነው፣ እኔም በዚህ አልከራከረውም። የርዕሱን ረድፍ ቅጂና አዲስ ገጽ ላይ ‹ትራንስፖዝ› አድርገሽ ለጥፊ፤ 87ቱ ጥያቄ ቁልቁል ይሰለፋል። እሱን ሁለተኛው ዓምድ ላይ አድርጊው፤ የመጀመሪያው ላይ አጭሩን ስም ጻፊ።

አሁን ከሁሉ የምወዳት ብልሃት። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ፎርሙላ ጻፊ፤ ‹ሌብል ቫሪያብል› የሚሉትን ቃላት፣ ከዚያ አጭሩን ስም፣ ከዚያ ጥያቄውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ፣ በ‹እና› ምልክቱ እያያያዝሽ። ትምህርተ ጥቅሱ ፎርሙላ ውስጥ ያስቸግራል፤ ‹ቻር 34› በዪው። አንዱን ሠርተሽ እስከ 87 ጎትቺው። 87 የተዘጋጀ ትእዛዝ ይወጣልሻል። ቀድተሽ ዱ ፋይልሽ ላይ ትለጥፊያለሽ። አንድም በእጅ አልተጻፈም። የ‹ሬኔም›ንም መስመር በዚሁ መንገድ ማውጣት ትችያለሽ፤ ስታታ የሰጠውን ስም በአራተኛ ዓምድ ታስገቢያለሽ። እሱ ግን የዓምድ ፊደል ከሆነ ያው የእኔ ጣጣ ይመጣል። ፎርሙ ላይ ጥያቄ ከጨመርሽ ወይ ካወጣሽ መጀመሪያ ሌብሎቹን ተመልክተሽ ነው።

ስም ስትመርጪ ‹ኪው1› ብቻ አትበዪ እንጂ። ከሦስት ወር በኋላ ‹ኪው47› ምን እንደነበር አንቺም አታውቂውም። ‹ታመመ12ወር› ሲባል ይገባል፤ በላቲን ከሆነ ደግሞ ሁሉንም በትንሹ ፊደል ጻፊ፣ ስታታ ትልቅና ትንሹን ይለያል። በአማርኛ ወይስ በላቲን የሚለው ላይ ሰው ይጣላል። እኔ ስሙን በላቲን፣ ሌብሉን በአማርኛ አደርጋለሁ። ምክንያቴ ሌላ አይደለም፤ ትእዛዝ ስጽፍ ኪቦርድ መቀያየር እጄን ያደክመዋል።

በአማርኛ እቀጥላለሁ ካልሽ አንድ ነገር እወቂ። ጽሑፍን ወደ ስም የሚቀይሩ ሁለት ፈንክሽኖች አሉ። ‹ስትር-ቱ-ኔም› የተሠራው ለድሮው ስታታ ነው፤ አማርኛውን ወስዶ በሙሉ የታች ሰረዝ ያደርገዋል። ‹ዩ-ስትር-ቱ-ኔም› ነው ፊደላችንን የሚተወው። አንዷ ‹ዩ› ስንት ሰዓት እንደበላችኝ አትጠይቂኝ።

21 ፊደል፦

እድሜስ? መልሱን ሳንሰማ ልትሄጂ ነው?

ጀማሪዋ፦

ይቅርታ፣ ለመናገር አፍሬ ነው። ፎርሙ ላይ በዓይኑ ‹ዕ› ነው የጻፍኩት፣ ‹ዕድሜ›። ስታታ ላይ ስተይብ ሁልጊዜ በአልፋው። ሦስት ቀን! ኤክሴል ላይ ‹ኤግዛክት› በሚለው ፎርሙላ ሁለቱን ሳስተያያቸው ‹ፎልስ› አለኝ።

ኮድ ቡኩን ሠራሁት። 87ቱም መስመር ወጣ። ሁለቱ ብቻ ተሰበሩ፤ ጥያቄዎቹ ውስጥ ራሳቸው ትምህርተ ጥቅስ ነበረባቸው። አውጥቼው ሄደ። ገቢውም ‹ሪሼፕ› ሆኖልኛል፤ ዓመቱን ከስሙ ጭራ እንዳልከው አነበበው። ‹ዲስትሪንግ› ክብደት ላይ እምቢ አለኝ፣ ሳየው ሁለት ሰው ‹ወደ 70› ብሎ ሞልቷል።

አሁን ደግሞ በወረቀት የተሞሉትን የጻፈልኝ ልጅ ፋይሉን ላከልኝ፤ ከዚህኛው ጋር ልቀጥለው ነው። ከማያያዜ በፊት የሁለቱን ርዕሶች ጎን ለጎን አድርጌ ‹ኤግዛክት› አልኳቸው። 3 ‹ፎልስ› አለ። አንዱ ‹ዕድሜ› ነው። አንዱ ‹ጾታ›፤ እሱ በ‹ፆ› ነው የጻፈው። ሦስተኛው ለዓይኔ አንድ ፊደል ልዩነት የለውም። ‹ሌን› ልለው ነው፣ ቆዩኝ።

ኤክሴሉን አትንኩ፦

160 ነው። በምን እንወራረድ?

ጀማሪዋ፦

ተበልተሃል። ተራ ክፍት ቦታ ነው፣ መጨረሻው ላይ። ‹ትሪም› አጠፋው።